የአይጦቹ ጠርሙስና የጅማ ጨብሲ

ታላቅ ወንድሜ ከምሳ በኋላ ጫት ሲቅም ይውልና አመሻሽ ላይ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ቤት ይገባል። እኛ ጅማ ውስጥ ይህን ጨብሲ እንለዋለን። እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ በአንድ መለኪያ የጀመረው ዛሬ ግማሽ ጠርሙስ ደርሷል። መጠጥ ስለሚቀንሱ መድኃኒቶች ማንበብ የጀመርሁት በእሱ ምክንያት ሲሆን፣ ንባቡም መድኃኒቶቹ አስቀድመው ወደሚሞከሩባቸው አይጦች ወሰደኝ።

አይጧ በምትኖርበት ሣጥን ላይ ሁለት ጠርሙሶች ይንጠለጠላሉ፤ አንዱ ውኃ፣ ሌላው አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ ይዟል። ጠርሙሶቹ እየተመዘኑ ከየትኛው ምን ያህል እንደጠጣች ይመዘገባል፤ አንዱን ጎን ስለለመደች ብቻ እንዳትመርጥም ቦታቸው ይቀያየራል። መድኃኒት ከተሰጣት በኋላ አልኮሉ ቢቀንስም፣ ውኃውና ምግቡ አብረው ከቀነሱ መድኃኒቱ አሟት ወይም አድክሟት ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ አስቀድሜ የምመለከተው ይህንን ነው።

ናልትሬክሶን የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ላይ መጠጥ ሲቀንስ ከታየና በሰዎችም ከተሞከረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ለአልኮል ጥገኝነት ተፈቀደ። በአንጻሩ ሲአርኤፍ የተባለውን የጭንቀት መልእክተኛ የሚያግዱ መድኃኒቶች የአልኮል ጥገኛ የሆኑ አይጦችን መጠጥ ቢቀንሱም፣ ከእነሱ መካከል ፔክሳሰርፎንትና ቬሩሰርፎንት በሰዎች ላይ ሲሞከሩ የመጠጥ አምሮትን አልቀነሱም። ለስኳር ሕመምና ለውፍረት የሚሰጠው ሴማግሉታይድም እ.ኤ.አ. በ2023 ስዊድን ውስጥ በተደረገ ጥናት የአይጦችን መጠጥ በግማሽ ያህል ቀንሷል። በ2025 በወጣው የ48 ሰዎች ሙከራ ደግሞ በሚጠጡባቸው ቀናት የሚጠጡትን መጠንና አምሮታቸውን ቢቀንስም፣ የሚጠጡባቸውን ቀናት ቁጥር አልቀነሰም።

እነዚህ ውጤቶች ተስፋ ይሰጡኛል፤ ነገር ግን በጠቀስኋቸው ሣጥኖች ውስጥ ጫት የለም። ስለ ናልትሬክሶን ስነግረው ወንድሜ በጥሞና ካዳመጠ በኋላ «ታዲያ ምርቃናውን በምን ልሰብረው?» አለኝ። መድኃኒቱ የአልኮልን ደስታ ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ወንድሜ የሚጠጣው ግን ደስታ ፍለጋ ሳይሆን ጫቱ የነሣውን እንቅልፍ ለማግኘት ነው። ስለዚህ ከተማችን ውስጥ ለሚመራመሩ ሰዎች የማቀርበው ልመና አንድ ነው፦ ለአይጧ ሁለቱን ጠርሙሶች ከመስጠታችሁ በፊት፣ ቀን ላይ የጫቱን ንጥረ ነገር ካቲኖንን ስጧትና መድኃኒቱ አመሻሽ ላይ ያኔም ይሠራ እንደሆነ መዝኑልን።