«ናፈቅከኝ»ን በእንግሊዝኛ ሳልሳሳት የምጽፍበት መንገድ

«ናፈቅከኝ» ስንል የግሡ ባለቤት አንተ ነህ፤ ናፍቆቱ የያዘኝ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ባለችው «ኝ» ውስጥ ተሳቢ ሆኜ ተቀምጫለሁ። «ሚስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ይህን ይገለብጠዋል። ናፋቂው ባለቤት፣ ተናፋቂው ተሳቢ ይሆናል። ቃል በቃል የሄደ ሰው «ዩ ሚስ ሚ» ብሎ ይልካል፤ መልእክቱ የደረሰው ሰው ደግሞ ናፋቂው እሱ ራሱ እንደሆነ የተነገረው ይመስለዋል። ፈረንሳይኛ በዚህ ነገር ከእኛ ጋር ነው፤ «ቱ መ ማንክ» ልክ እንደ «ናፈቅከኝ» የተሠራ ነው።

እኔ ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገሬ በፊት ዓረፍተ ነገሩን እዚያው አማርኛ ላይ እገለብጠዋለሁ። «እናቴ ናፈቀችኝ» የሚለው «እናቴን ናፈቅኩ» ተብሎም ይባላልና። «ን» የያዘው ቃል ከ«ሚስ» በኋላ ይገባል፤ «አይ ሚስ ማይ ማዘር»። ዘዴው የሚሠራው ስሙ ተለይቶ ሲጻፍ ነው። «ናፍቄሃለሁ» ብቻውን ያምታታል፤ «ናፍቄሃለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተናፈቀው እሱ ነው። ስለዚህ «እኔ አንተን» እያልኩ እዘረዝራለሁ። አሁንም ከተጠራጠርኩ በ«ሚስ» ቦታ «ላቭ»ን አስገብቼ አያለሁ። «አይ ላቭ ዩ»ን ከ«ዩ ላቭ ሚ» ጋር የሚያምታታ ሰው አልገጠመኝም።

ናፋቂው ሦስተኛ መደብ ነጠላ ሲሆን፣ ማለትም «እናቴ ናፍቀሃታል» ለማለት፣ «ማይ ማዘር ሚሲዝ ዩ» ነው። ግሡ በ«ስ» ድምፅ ስለሚያልቅ ሲጻፍ «ኢ» እና «ኤስ» የሚባሉት ሁለት ፊደላት ይጨመሩበታል። «ወላጆቼ» ከሆነ ግን ብዙ ነውና ባዶውን «ሚስ» ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጊዜው ነው። «ናፈቅከኝ» ቅርጹ ያለፈ ጊዜ ቢሆንም ናፍቆቱ አሁንም አለ፤ «ትናፍቀኛለህ» ደግሞ ለአሁንም ለወደፊትም ያገለግላል። በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ቅርጽ አይታለፍም። መጀመሪያ የምጠይቀው «ሰውየው አሁን የት ነው?» ብዬ ነው። ርቆ ካለና በስልክ የምጽፍለት ከሆነ «አይ ሚስ ዩ»። ገና ሳይሄድ፣ ሻንጣው እየታሰረ ከሆነ «አይ ዊል ሚስ ዩ» ወይም «አይ አም ጎይንግ ቱ ሚስ ዩ»። ተመልሶ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስንተቃቀፍ «አይ ሚስድ ዩ» ወይም «አይ ሃቭ ሚስድ ዩ»። ሰው ዱባይ እያለ አዲስ አበባ ላለች እህቱ «አይ ሚስድ ዩ» ብቻ ብሎ ቢጽፍ ናፍቆቱ ያለቀለት ሊመስል ይችላል። «ከሄድሽ ጀምሮ» የሚል ሲኖርበት «አይ ሃቭ ሚስድ ዩ ሲንስ ዩ ሌፍት» ነው። ጥያቄው «ዲድ ዩ ሚስ ሚ?» ሲሆን ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለተሸከመው «ሚስድ» ማለት ድርብ ይሆናል። ስለ አነባበቡም አንድ ነገር፦ መጨረሻው በ«ዲ» ቢጻፍም ከ«ስ» በኋላ ስለመጣ የሚሰማው «ት» ነው። በአፍ ሲነገር «ሚስት» ከሚለው የኛ ቃል ብዙም አይለይም፤ ባለትዳሮች በቀላሉ ይይዙታል።

«ሚሲንግ» ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አይ አም ሚሲንግ ማይ ብራዘር» ምንም አይልም፣ ሰሞኑን ናፍቆኛል ማለት ነው። «ማይ ብራዘር ኢዝ ሚሲንግ» ግን ወንድሜ የገባበት ጠፋ ማለት ነው፤ ሰሚው ለፖሊስ ደወልክ ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «አይ አም ሚስ ዩ» የሁለት ቅርጽ ቅልቅል ነው፤ ወይ «አም»ን ማውጣት ወይ «ሚሲንግ» ማለት ነው። «ዩ ዊል ቢ ሚስድ» የሚለውን ሥራ ለሚለቅ ባልደረባ ካርድ ላይ እጽፈዋለሁ። ለሟችም ስለሚባል ስሜቱ ከበድ ይላል፤ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ለሚወጣ ሰው አይሆንም።

«ድምፅሽን መስማት ናፈቀኝ» የሚለው «መስማት» ወደ «ቱ ሂር» ይጎትታል። ከ«ሚስ» በኋላ ግሥ ሲመጣ ግን በ«ኢንግ» የሚያልቀው ነው የሚገባው፤ «አይ ሚስ ሂሪንግ ዮር ቮይስ»። አማርኛ ያላየነውንም ለማየት ይናፍቃል፤ «ሚስ» የሚሆነው ግን ቀድሞ ለነበረን ነገር ነው። ላላየሁት አራስ ልጅ «አይ ካንት ዌት ቱ ሚት ዮር ቤቢ» እላለሁ። «በጣም» ደግሞ ቦታ ትቀይራለች፤ «አይ ቬሪ ሚስ ዩ» አይባልም፣ «አይ ሚስ ዩ ቬሪ መች» ወይም «ሶ መች» ነው። ከግሡ በፊት ማስገባት የፈለገ «ሪሊ»ን ያስገባል። በ«ሚስ» እና በ«ዩ» መካከል «ፎር» ምንም ሥራ የለውም።

«ጠፋህ!» የሚለውን የወዳጅ ወቀሳ «ዩ ሎስት» ብሎ መተርጎም ተሸነፍክ ማለት ይሆናል። «አይ ሃቭንት ሲን ዩ ኢን ኤጅስ» ይሻላል። ለቅርብ ጓደኛ «ሎንግ ታይም ኖ ሲ» ያምራል፣ ለአለቃ በሚጻፍ ኢሜይል ግን አላስገባውም። እኛ ለቢሮ ባልደረባም «ተናፍቀሃል» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ «አይ» ብሎ መጀመር ለእንዲህ ያለ ሰው ከሚገባው በላይ ቅርብ ሊመስል ስለሚችል «ዊ ሚስድ ዩ» ብዬ በብዙ ቁጥር እጽፈዋለሁ።