«ባንክ ነው ያለው»

ጠበቃው አለቃዬ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ነው የሚደግማት። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። እሺ፣ ይፈረም። ከዚያ በፊት ክፍለ ከተማ የሚመላለሰው ግን እኔ ነኝ።

ያን ቀን ገዢዋ ቸኩላለች። ከዱባይ ለአጭር ፈቃድ የመጣች ናት፤ ቀብዱን ዛሬውኑ ካልሰጠሁ ብላ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሻጩ ከዘራ የያዙ፣ አነጋገራቸው ረጋ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ደላላው ደላላ ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ሽማግሌው የካርታውን ኮፒ አወጡ። ባለ ቀለም፣ ላሚኔት የተደረገ።

«ዋናውስ ጋሼ?»

«ባንክ ነው ያለው።»

ደስ አለኝ። ካርታውን ፍራሽ ሥር ሸጉጦ አይጥ የበላችበት ስንቱን አይቻለሁ። እኚህ ሳጥን ተከራይተው አስቀምጠውታል ብዬ አደነቅኳቸው። «እንደ እርስዎ ያለ ጠንቃቃ ይብዛልን» ሁሉ ብያለሁ። ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ ዛሬም ታበግነኛለች።

ብቻ ልማድ ነውና፣ ክፍለ ከተማ ካለው የቤቱ ማህደር ኮፒ ሳይወጣ ቀብድ አይሰጥም አልኩ። ገዢ በራሷ ብትሄድ የሰው ፋይል ማንም አያሳያትም፤ ማመልከቻው በባለይዞታው ስም ነው የሚገባው። ጻፍኩላቸው፣ ሳያንገራግሩ ፈረሙ፣ አብረን ሄድን።

መዝገብ ቤት «ፋይሉ መሐንዲስ ጋ ነው» አሉን። መሐንዲሱ ጋ ስንሄድ «መዝገብ ቤት ነው»። በሦስተኛው ቀን እዚያው መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተገኘ፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት። ሠራተኛዋ ስትከፍተው ከላይ ያለው ካርታው አይደለም። የባንክ ደብዳቤ ነው። ቤቱ የብድር መያዣ ስለሆነ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ባንክ ነው አላልኩህም እንዴ?»

«እንዲጠበቅልዎ ያስቀመጡት መስሎኝ ነዋ!»

«እነሱም እየጠበቁት ነው የኔ ልጅ።»

ሠራተኛዋ በሳቅ ፈረሰች። እኔ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ መልስ ስፈልግ ሄድኩ። አላገኘሁም። ሰውዬው አንዲት ቃል አልዋሹኝማ! ሳጥኑን የፈጠርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ቢሮ ስገባ ገዢዋን ከእሳት እንዳወጣ ሰው ምስጋና እየጠበቅኩ ነበር። ሰማችኝና «ስንት ቀረባቸው?» አለች። በቃ። ከቤቱ ዋጋ ላይ ተቀንሶ ዕዳው ለባንኩ ተከፈለ፣ ባንኩ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ጻፈ፣ ውልና ማስረጃ ተፈራረሙ። ደላላው ኮሚሽኑን ቆጠረ። እሷ ስትሰናበተኝ «በአንተ ምክንያት ሦስት ቀን ባከነብኝ» ብላኛለች። አለቃዬ ደግሞ ምሳ ላይ ወሬውን «ያቺ 1723 ባትኖር ኖሮ» ብሎ ጀመረው። ፋይሉን ከሻይ ብርጭቆ ሥር ያወጣችው 1723 መሆኗ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባለካርታ ሁሉ «ባንክ» ባለኝ ቁጥር «ሳጥን ነው ብድር?» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት የጠየቅኳቸው እናት «ባለዕዳ እመስላለሁ?» ብለው ተቆጡ። ካርታቸው እውነትም ሳጥን ውስጥ ነበር። ሌላ ጠበቃ ጋ ሄዱ።