ዕቃ መካከል የተደበቀው

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ለመናገር ያሳፍራል። በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ አንድ ወንድም አስተማረ፣ ሰው ሁሉ ተባረከበት። እኔም ትከሻውን ቸብ አድርጌ "ጌታ ይባርክህ" አልኩት። ውስጤ ግን አረረ።

ባለፈው ተራው የእኔ ነበር። አንዲት እህት ስታመሰግነኝ "ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው!" ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷም "እሺ፣ ተባረክ" ብላ ሄደች። በቃ፣ ሄደች! ቆሜ ቀረሁ። ለካ "አንተማ ታውቃለህ" እስክትለኝ እየጠበቅኩ ነበር። ይህን ነገር ስንት ዓመት ትሕትና ስለው ኖሬአለሁ።

እንቅልፉ ሲጠፋ የሳኦልን ታሪክ ገለጥኩ። 1ኛ ሳሙኤል 10 ላይ ሊያነግሡት ሲፈልጉት ዕቃ መካከል ተደብቆ ተገኘ። ድሮ ሳነበው "እንዴት ያለ ትሑት ነው!" እል ነበር። ምዕራፍ 15 ላይ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ሲጥስ "ሕዝቡን ፈራሁ" አለ። በድያለሁ ካለ በኋላ እንኳ ነቢዩ ሳሙኤልን የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ነው። ምዕራፍ 18 ላይ ሴቶቹ "ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ" ብለው ሲዘፍኑ ደሙ ፈላ። በማግስቱ ዳዊት ላይ ጦር ወረወረ። (ሺህ ተብሎለት እኮ ነው! እኔን አሥር ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር። ይመስለኛል።) የተደበቀውም ጦር የወረወረውም ያው አንድ ሰው ነው። ሁለቱም ጊዜ ዓይኑ ሰው ላይ ነበር።

ጳውሎስ ደግሞ ይገርመኛል። "ከሐዋርያት ሁሉ የማንስ ነኝ" ባለበት አፉ፣ እዚያው 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ፣ ከሁላቸው ይልቅ እንደ ደከመ ይናገራል። ሁለቱንም ሳይሽኮረመም። ክብሩን ለጸጋው ሰጥቶ አለፈ፤ ዞር ብሎ የሚያጨበጭብለት አልፈለገም።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ዮሐንስ 13 ነው። የደቀ መዛሙርቱን እግር ስለ ማጠቡ ከመንገሩ በፊት ዮሐንስ አንድ ነገር ያስቀድማል፤ ኢየሱስ ከእግዚአብሔር እንደ መጣ፣ ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ። ማንነቱን የሚያውቅ ጎንበስ ሲል ምንም አይጎድልበትም። እኔ ጎንበስ የምለው ቀና የሚያደርገኝ ፈልጌ ነው።

ጸሎቴ ሁልጊዜ "እኔ ትል፣ እኔ ከንቱ" እያለ ይረዝማል። ትናንት ግን "ጌታ ሆይ፣ በወንድሜ ቀናሁ" አልኩና ዝም አልኩ። ከትልነቱ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ለዚያ ወንድም መልእክት ላክሁለት። ካስተማረው ውስጥ ያልገባኝን ነገር ጠየቅኩት፣ የምሬን።

"ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ" ብሎ መለሰልኝ።

ሳቄ መጣ። "ታውቃለህ" ብዬ ጻፍኩለት።