ዓይኔ ኤርታ አሌ ላይ ነበር፣ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ

የኤርታ አሌን እሳተ ገሞራ የምከታተለው ከአዲስ አበባ ነው። አፋር በረሃ ድረስ በየሳምንቱ መመላለስ አይቻልም። ስለዚህ ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን እከፍታለሁ።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ናሳ የሳተላይት የሙቀት መረጃ በነፃ ይለቃል። ካርታው ላይ ተራራውን በሳጥን ከለልኩት። ሳጥኑ ውስጥ ትኩስ ነጥብ ሲታይ ኢሜይል ይደርሰኛል። ቀን ቀን የሚመጣው ግን አንዳንዴ ያሳስታል፤ ጥቁሩ ድንጋይ በፀሐይ ይግላላ! ሌሊት ድንጋዩ ሲበርድ ላቫው ለብቻው ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ የሌሊቱን ማመን ለመድኩ።

ሐምሌ 2017 ኤርታ አሌ ፈነዳ። ቅልጥ አለቱም ከመሬት በታች ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየሰነጠቀ ሄደ። ይህን የሚያሳየው ሙቀት ሳይሆን ራዳር ነው። ሴንቲኔል 1 ሳተላይት በተለያዩ ቀናት ያነሳቸው ሁለት ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ የመሬቱ እንቅስቃሴ እንደ ቀለም ቀለበት ይታያል። አንድ ሙሉ ቀለበት 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀለበቶቹን አየሁ፣ ተደነቅኩ። ሳጥኔን ግን አላሰፋሁም።

ኅዳር 14 ቀን 2018፣ እሑድ፣ አፍዴራ ያለ ወዳጄ ደወለልኝ። «ሰማዩ እኮ ጠቆረ!» አለኝ። ኢሜይሌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። የፈነዳው ከኤርታ አሌ በደቡብ ምሥራቅ ያለው ጎረቤቱ እሳተ ገሞራ፣ ሃይሊ ጉቢ ነበር። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ። ወዳጄን የጨነቀው ግን ሌላ ነው። ግጦሹ አመድ ለብሷል፤ ፍየሎቹ ምን ይብሉ?

በጣም አዘንኩ። ፍንጩ ለወራት ፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ያን ማታውኑ ሳጥኑን በሰሜን ካለው ጋዳ አሌ እስከ ሃይሊ ጉቢ ድረስ፣ የእሳተ ገሞራዎቹን ሰንሰለት በሙሉ እንዲይዝ አሰፋሁት። አሁን መጀመሪያ የማየው ራዳሩን ነው፤ ሙቀት የሚነግረኝ ደጅ የወጣውን ብቻ ነው። ራዳርም ቢሆን በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ይታለላል። ስለዚህ በአንድ ጥንድ ምስል አልደመድምም፤ ቀለበቱ በሚቀጥለውም ይደገም እንደሆነ እጠብቃለሁ።

ወዳጄ ጋ ደግሞ በየሳምንቱ እደውላለሁ። መሬቱ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ፣ የጭሱ ሽታ እስከ የት እንደደረሰ እጠይቀዋለሁ። ባለፈው ስደውል ፍየሎቹን አመድ ወዳልነካው ግጦሽ እየነዳ ነበር።