አሮጌውን ቤት በቅሬ (በወሎ የሰፈር ዕድር) ደንብ ያቆየንበት መንገድ

ደሴ ላይ አሮጌ ቤት በአንድ ቀን አይፈርስም። መጀመሪያ አሸንዳው ይደፈናል፤ ቀጥሎ ውሃው በግድግዳው ይወርዳል፣ ጭቃው ይረሰርሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። በመጨረሻ «ለነዋሪው አስጊ ስለሆነ ይፍረስ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። እኛ አራዳ አካባቢ ያለውን ባለ አንድ ፎቅ የነጋዴ ቤት የተረከብነው ያ ደብዳቤ ሊጻፍ ጥቂት ሲቀረው ነው።

የቤቱ ታሪክ የብዙ ከተሞቻችን አሮጌ ቤቶች ታሪክ ነው። ጥድ ቆርጠው፣ ጭቃ አቡክተው ያሠሩት ሰዎች ኖሩበት፤ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰና የቀበሌ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ለሻይ የማይበቃ፣ ሲያፈስ ማንም «የኔ ነው» የማይለው ቤት ሆነ። ስለ ደሴ ቅርስ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ነው፤ ይገባዋልም። እኔን የከነከነኝ ግን፣ ግብር የሚበላበት ትልቅ አዳራሽ የነበረው ከተማ ዛሬ ሰርጉን ሁሉ ብሎኬት ቤት ውስጥ መክተቱ ነው። ቤቱን ቆልፈን ከምንጠብቀው ሰው እንዲሰበሰብበት እናድርግ አልን።

ወረቀቱ አሰልቺ ነው፣ ግን አይዘለልም። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ጥገና አይካሄድም። ስለዚህ የግንበኛ ማንካ ሳይነሳ እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱን በርና መስኮት ፎቶ አንስተን፣ ለክተን፣ በፋይል አስገባን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራን፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው ሲመልሰን ያዳነን ያ ፋይል ነው።

ከዚያ ውሃ። አንድ ደግ ሰው «ፊቱን ቀለም ቀቡት፣ እኔ እከፍላለሁ» ብለውን ነበር። በብዙ ልመና ገንዘቡን ለአሸንዳና ለቆርቆሮ እንድናውለው ተስማሙ። ጦሳ ሥር ለተቀመጠ ሰው የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ከጓሮ ቦይ ካልተቆፈረ የቤቱ ፊት ቢያምር ባያምር ለውጥ የለውም። ከዚህ ሥራ ለሌላው የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፦ ከጣሪያና ከቦይ በፊት ለምንም አትክፈሉ።

ሌላው ጉድ ሲሚንቶው ነበር። ቀደም ሲል የሆነ ሰው «ለማጠንከር» ብሎ የግድግዳውን ግርጌ በሲሚንቶ ለስኖታል። ሽማግሌው ግንበኛችን በጣታቸው አንጓ ቆረቆሩት፤ ድምፁ ባዶ ነው። በመሮ ፈንቀል ሲያደርጉት ከኋላው ያለው ጭቃ በእጅ የሚጨመቅ፣ ጭዱም የጠቆረ ሆኖ ተገኘ። «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ላቡ የሚወጣበት አጥቶ ነው» አሉኝ። እርጥበቱ ወደ ውጭ እንዳይደርቅ ሲሚንቶው አፍኖት፣ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ እየበሰበሰ ነበር። ሲሚንቶውን ሁሉ አንስተን በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ መለስነው። ጭቃው በየቀኑ እየተረገጠ ይከርማል፤ ሽታው ጎረቤት ሲያስቆጣ ደርሷል ማለት ነው።

ሰው ማቆየት ከግድግዳው ከብዶናል። መጀመሪያ በጎ ፈቃደኛ ብለን ስንጠራ ወጣቱ ግልብጥ ብሎ መጣ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ክረምት ሲገባ ጠፋ። ቅርስ መውደድ ሰውን አንድ ቅዳሜ ያመጣዋል፤ ሁለተኛውን ቅዳሜ የሚያመጣው ቅሬ ነው። የሰፈሩ ቅሬ ቤቱን እንደ አንድ ሥራው እንዲይዘው ሽማግሌዎቹን ለመንን። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ቁልፉ ንብረት ያዥ ዘንድ ነው፣ ማን ወሰደ ማን መለሰ በደብተር ይፈረማል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ጎላ ድስቱ ቀድሞም ነበረ። አዲስ ድርጅት እናቋቁም ያሉም ነበሩ፤ እኔ አልደገፍኩም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ዕድርና እቁብን አይመለከትም፤ ሰው የሚያምነው ደንብ እያለ ሌላ ማኅተም ለምን እንቅረጽ?

የዝግጅቱን ደንብ ቤቱ ራሱ ነው ያወጣው ማለት ይቻላል። ፎቁ ላይ መሐንዲስ ከወሰነው ቁጥር በላይ ሰው አይወጣም፣ ጭፈራም የለም፤ ጭፈራ ምድር ቤት ነው። ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ከልክለናል፣ አሮጌው የአቡጀዲ ኮርኒስ አቧራውን በሙሽራ ራስ ላይ ያራግፋልና። ባቲና አምባሰል በማሲንቆ ብቻ ሲወጡ ግን ለዚያ ክፍል የተሠሩ ይመስላሉ፤ የመንዙማ ምሽትም እንዲሁ። ትልቁ ጠብ የተነሳው በቡና ነው። ጣውላ ወለል ላይ የከሰል ምድጃ አይገባም ስንል እናቶች «ያለ ቡና ምን ሰርግ አለ?» ብለው ተነሱብን። ግቢው ውስጥ ድንጋይ አንጥፈን ዳስ ጣልንላቸው፤ አሁን ሰው ከአዳራሹ ይልቅ እዚያ ይበዛል።

ማድ ቤት ሁለት ነው። እዚህ ሰርግ የሚደግስ ሰው ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ያርዳል። ድስቱም ጭልፋውም በቀለም ምልክት ተለይቷል፣ ኃላፊዎቹም ከየወገኑ ናቸው። ይህን ያላሰበ አዳራሽ ወሎ ውስጥ ግማሽ እንግዳውን ያጣል።

ዋጋ ላይ ለቅሶ በነፃ ነው፣ ሰርግ ይከፍላል፣ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚሰበሰብ ደግሞ የሰርጉን እጥፍ። አንዳንዶች ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው፣ ቆርቆሮውን የሚቀይርልን እሱ ነው።

አሁን የቀረን የጓሮው ደረጃ ነው። ባሕር ዛፍ ይግባ የሚሉ አሉ፣ ርካሽ ነውና። እኔ ከነምስጡ አልፈልገውም፣ ግን ጥድ እንደ ልብ አይገኝም። ንብረት ያዡ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጥድ ተገኝቷል ብሏል፤ እሑድ ሄደን እናየዋለን።