የ2 ዶላሩ ፓወርቦል በእርግጥ ስንት ያወጣል?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ ከሥራ ስትወጡ ነዳጅ ማደያ ጎራ ብላችሁ የምትቆርጡት የ2 ዶላር የፓወርቦል ሎተሪ ትክክለኛ ዋጋው ስንት እንደሆነ እናስላው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ተሠርቶ ሲታይ ግን ያስቆጫል።

ዕጣው የሚወጣው ከ69 ነጭ ኳሶች 5፣ ከ26 ቀይ ኳሶች ደግሞ 1 ተነሥቶ ነው። ስድስቱንም የማግኘት ዕድል ከ292,201,338 አንድ ነው። ይህን ቁጥር በሰከንድ እንየው። ከመስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ድረስ፣ ሌሊቱም ቀኑም ተቆጥሮ፣ አንድ ሰው አንዲት ሰከንድ በልቡ ይዞ «የቷ ናት?» ቢላችሁ የማወቅ ዕድላችሁ ከዚሁ ጋር እኩል ነው።

ትንንሾቹ ሽልማቶች ከ4 ዶላር ተነሥተው እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳሉ። የእያንዳንዱ ገንዘብ ከዕድሉ ጋር ተሰልቶ ሲደመር ለአንድ ቲኬት 32 ሳንቲም ገደማ ይደርሰዋል። ትልቁ ዕጣ 100 ሚሊዮን ተብሎ ሲለጠፍስ? ያ በ29 ዓመት ውስጥ በ30 ክፍያ የሚሰጥ ድምር ነው። በአንዴ ልውሰድ ያለ ሰው ግማሽ ያህሉን ያገኛል፤ ከዚያ ላይ የፌዴራል ታክስ እስከ 37 በመቶ ይቆረጣል። የቀረውን፣ 30 ሚሊዮን ያህሉን፣ ለ292 ሚሊዮን ብናካፍለው 10 ሳንቲም ነው። በጠቅላላው 42 ሳንቲም፤ የስቴቱ ታክስ ገና አልተነሣም።

«ቢሊዮን ሲገባ ብቻ እቆርጣለሁ» የሚል ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ገንዘቡ ሲያድግ የቲኬቱም ዋጋ ከፍ ይላል። ግን ያኔ ሁሉም ይሰለፋል፤ ቆራጩ ሲበዛ ተካፋዩም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የወጣው 1.586 ቢሊዮን ዶላር ለ3 ቲኬቶች ነው የተከፈለው።

ቁጥር መምረጥም ዕድልን አይጨምርም። የልጆቻችሁን ልደት ብትጽፉ፣ ማሽኑ ቢመርጥላችሁ፣ ያው ነው። እንዲያውም በልደት ቀን የሚቆርጥ ሰው ከ1 እስከ 31 ባሉት ቁጥሮች ላይ ከብዙ ሰው ጋር ይጋፋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 አምስቱን ነጭ ኳሶች ያገኙ 110 ሰዎች በአንድ ቀን ብቅ ሲሉ፣ አዘጋጆቹ ማጭበርበር ነው ብለው ጠርጥረው ነበር። ሲጣራ ቁጥሮቹ የተገኙት በቻይና ምግብ ቤቶች ከምግብ በኋላ ከምትሰጠው ብስኩት ውስጥ ካለች ብጣሽ ወረቀት ነው። ወረቀቷ ለቀይዋ ኳስ 40 ብላ ነበር (ያኔ ቀይ ኳሶቹ ከ26 በላይ ነበሩ)፤ የወጣው 42 ነው። 40 ቢወጣ ኖሮ ትልቁን ዕጣ ከመቶ በላይ ሰው ይቀራመተው ነበር።

የሥራ ባልደረቦች ተዋጥተው መቁረጣቸውም ለውጥ የለውም። 20 ሰው 20 ቲኬት ቢገዛ ዕድሉ 20 እጥፍ ይሆናል፣ ድርሻው ግን አንድ ሃያኛ ነው። ከቆረጣችሁ ደግሞ የከፈለውን ሰው ስም ጽፋችሁ፣ ቲኬቱን ፎቶ አንስታችሁ ለሁሉም ላኩ፤ ጠቡ የሚነሣው ከዚያ ነው። ብቻውን የቆረጠም ከጀርባው ይፈርምበት።

አሁን የዓመቱን እንይ። ዕጣው ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ይወጣል። ለእያንዳንዱ አንድ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው በሳምንት 6፣ በዓመት 312 ዶላር ያወጣል። ከ25 ቲኬት አንዱ የሆነ ነገር ስለሚያገኝ በዓመት 6 ጊዜ ያህል «ወጣልኝ!» ይላል፤ በአብዛኛው 4 ዶላር ነው፣ ሲደመር ከ25 ዶላር ብዙም አያልፍም። ቀጣዩን ቲኬት የሚያስቆርጠውም ይኸው 4 ዶላር ነው።

312 ዶላር በወር ሲካፈል 26 ነው። 12 ሰው በወር 26 ዶላር ዕቁብ ቢጥል፣ እዚያም ዕጣ አለ፤ ግን ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው። አንዱ በመስከረም፣ አንዱ በነሐሴ፣ ሁሉም 312 ዶላሩን ሙሉውን ይዞ ይሄዳል።