ማዶውስ ምን ሆነ?

ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ እየጠጣን የእህቴ ልጅ በስልኳ የሜርኩሪን ፎቶ አሳየችን። ካሎሪስ የሚባለው የግጭት ጉድጓድ ነው፤ ስፋቱ ወደ 1,550 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እኔ ቁጥሩን ሰምቼ «ጉድ!» አልኩ። የምድር ባቡር ጡረተኛው ጎረቤታችን ግን አልተደነቁም። ስልኩን ተቀብለው ገለበጡና ጀርባውን ትኩር ብለው አዩት።

«ማዶውስ ምን ሆነ? ሀዲድ እዚህ ሲመታ ወዲያ ይሰማል እኮ፣ ልጄ።»

ፈልጋ አነበበችላቸው። ማሪነር 10 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1974 በፕላኔቷ አጠገብ ስታልፍ፣ ከጉድጓዱ ትክክል በተቃራኒው ወገን ኮረብታና ሸለቆው የተመሰቃቀለ መሬት ፎቶ አንስታለች። አንዱ ማብራሪያ የግጭቱ ንዝረት ፕላኔቷን አቋርጦና ዞሮ እዚያ በመገናኘቱ ነው ይላል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ የጠየቁት አንድም ነገር ሳያነቡ ነው! እኛ የአደጋ ዜና ስንሰማ እንኳን የምንጠይቀው የተመታውን ቦታ ብቻ ነው፤ ማዶ ያለው ሰው ትዝ የሚለን ስንቶቻችንን ነው?

«የመታትስ ድንጋይ ምን ያህላል?» አሉ ቀጥለው።

«ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር ስፋት እንደነበረው ይገመታል፣ አባባ።»

«ሐረር ደርሶ መልስ በለኛ!» ብለው ሁለተኛ ሻይ አዘዙ።